ያኔ መኪና ቢኖር እኛስ እንሄድ ነበር?

ውጭ አገር ልጅ ከምታሳድጉ ወላጆች የመጡ ጥያቄዎች ተጠራቅመውብኛል። አብዛኞቹ ዞሮ ዞሮ አንድ ናቸው፦ ልጄ ከሶፋ አይነሳም። አንዱ ግን ከልጅ ነው የመጣው፣ እሱን መጨረሻ ላይ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ኳስ እወስደዋለሁ፣ ክፍያውንማ ተወው። አይበቃውም? (እናት፣ ሚኒሶታ)

ብቻውን አይበቃም እህቴ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ የልብ ምት ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው። እስቲ አንድ ቀን ሜዳው ዳር ቆመሽ ሰዓት ያዢ። ኮኑን ለመዞር ተራ ይጠብቃል፣ አሰልጣኙ ሲያስረዳ ይቆማል፣ ውሃ ይጠጣል፣ የጫማው ክር ይፈታል። እኔ የወንድሜን ልጅ ቆጥሬ ከአንድ ሰዓት ልምምድ የሮጠው 23 ደቂቃ ሆኖ አገኘሁት። ኳሱን ግን አታስቁሚው፣ የሚያሳስበው የቀሩት አምስት ቀናት ናቸው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ሳድግ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት በእግሬ እሄድ ነበር። የእኔዎቹ ግን ሰነፎች ናቸው፣ ያለ መኪና ንቅንቅ አይሉም። ምን ይሻላል? (አባት፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ያኔ ደጃፍዎ ላይ መኪና ቢቆምልዎ ዘለው ነበር የሚገቡት። ስፖርት ልሥራ ብለው አልነበረማ የሄዱት። አሜሪካ ውስጥ በ1969 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከ5 እስከ 14 ዓመት ካሉ ልጆች 48 በመቶ ያህሉ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግር ወይም በብስክሌት ነበር። በ2009 ግን ወደ 13 በመቶ ወርዷል። በ40 ዓመት የልጅ ተፈጥሮ አልተለወጠም፤ ትምህርት ቤቱ ራቀ፣ የእግረኛ መንገድ የሌለው ሰፈር በዛ፣ መኪናው በዛ፣ ወላጁም ፈራ። ሀብቱ ነው እንዳንል ደግሞ ጃፓን አለች፤ እዚያ የአንደኛ ደረጃ ልጆች፣ ትንንሾቹ ቢጫ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ተሰብስበው በእግራቸው ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። የኔዘርላንድስ ልጅም በዝናብ ብስክሌቱ ላይ ነው። እርስዎ መኪናውን ከትምህርት ቤቱ 15 ደቂቃ ርቀት ላይ ያቁሙና የቀረውን አብረው ይሂዱ። መንገድ ላይ የደብረ ማርቆሱን ያውሯቸው፣ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ጨዋታ።

ልጆቼን ብቻቸውን መናፈሻ ብልክ ፖሊስ ይመጣብኛል ይሉኛል። እውነት ነው? (እናት፣ ሜሪላንድ)

ፍርሃትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2014 መጨረሻ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ የ10 ዓመት ልጅና የ6 ዓመት እህቱ ከመናፈሻ ብቻቸውን ወደ ቤት ሲሄዱ ፖሊስ አስቁሟቸው ወላጆቻቸው ተመረመሩ። በ2015 ልጆቹ እንደገና ተያዙ። በመጨረሻ ወላጆቹ ነጻ ወጥተዋል። የክልሉ ሕግ የሚከለክለው ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅን፣ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው ሰው አብሮት ሳይኖር፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ትቶ መሄድን ነው። ዩታ በ2018 ልጅ ብቻውን መሄዱና መጫወቱ በራሱ ቸልተኝነት አይደለም የሚል ሕግ አውጥታለች። እኔ ብሆን ከጎረቤት ልጆች ጋር በቡድን እልካቸዋለሁ።

ሴት ልጄ እስከ 12 ዓመቷ ትሮጥ ነበር፣ አሁን 14 ሞልቷት አልፈልግም አለች። ላስገድዳት? (አባት፣ ስቶክሆልም)

ኧረ በጭራሽ! ብቻዋን አይደለችም፤ በ2019 የወጣ፣ 146 አገሮችን ያካተተ ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ሴቶች 85 በመቶው፣ ከወንዶች 78 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ አሳይቷል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሴቶቹ 97 በመቶ ናቸው! በዚህ ዕድሜ ጨዋታው ወደ ምርጫና ውድድር ይቀየራል፣ ሰውነቷም እየተለወጠ ነው፣ በቁምጣ መታየቱ ራሱ ሊያሳፍራት ይችላል። ምን እንዳስጠላት እናቷ ቀስ ብላ ትጠይቃት። አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፦ ቅዳሜ እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላው እሷ፣ ኳስ ሜዳ የሚሄደው ወንድሟ ከሆነ፣ ነገሩ ከዚያም ይጀምራል። እስክስታ ይቆጠራል ወይ ካልክ፣ ካላባት በደንብ ይቆጠራል!

16 ዓመቴ ነው። ብረት ማንሳት ቁመት ያስቀራል ይላል አባቴ። (ቶሮንቶ)

አያስቀርም። እንዲያውም ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይመከራል። ብቻ አነሳሱን ከሚያውቅ ሰው ተማር፣ ከቲክቶክ አይደለም፣ በቀላሉም ጀምር። ቁመትህን በአብዛኛው የሚወስነው ዘርህ ነው፤ ስለዚህ ከብረቱ በፊት አባትህን ቀና ብለህ እየው።