በገና መሥራት ለጀመራችሁ ልጆቼ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ የሠራውን በገና ይዞልኝ መጣ። ምሰሶዎቹ ላይ የቀረጸው ሐረግ ያምራል። ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። አውታሩን ስነካው ግን ድምፁ ታፍኗል። ለካ ገበቴው፣ ማለትም የድምፅ ሣጥኑ ላይ የተወጠረውን ቆዳም ቫርኒሽ ቀብቶታል።

ለምን እንደምትቸኩሉ ይገባኛል። የቤት ኪራይ አለ። ደንበኛውም ሁዳዴ ሳይገባ ይድረስልኝ ይላል። እኔም ቸኩዬ አውቃለሁ። አንድ ክረምት እርጥብ ዋንዛ ገዝቼ ገበቴውን ሠራሁበት። በገናውን የገዛችው እህት ይዛው አሜሪካ ሄደች። እዚያ በብርዱ ወራት ቤቱ በማሞቂያ ስለሚሞቅ አየሩ ደረቅ ነው። እንጨቱ ውስጥ የቀረውን ውሃ መጦ ጨረሰው። በሁለተኛው ወር ደወለችልኝ። ገበቴው ተሰንጥቋል። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ጾሙን ግን ያለ በገና አሳለፈች። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንጨቱን መዝኑት። ክብደቱን እዚያው ላይ በእርሳስ ጻፉ። በየሁለት ሳምንቱ ደግማችሁ መዝኑ። መቀነስ እስኪያቆም ድረስ መጥረቢያ አታስነኩት። ሁለቱን ጫፎች በሰም ድፈኗቸው፤ እንጨት ቶሎ የሚደርቀው በጫፉ ነው፣ የሚሰነጠቀውም ከዚያው ይጀምራል።

ቆዳውን ርሶ ሳለ ወጥሩት። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ እንዳታወጡት። ምሰሶዎቹንና ከላይ የሚያያይዛቸውን ቀንበር በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ከዚያ የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ቆዳው ራቁቱን ይቅር። መርገብገብ አለበት።

ጊዜያችሁን ለእንዚራው አቆዩ። አስር አውታር አለ፣ ለእያንዳንዱም በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት፣ በበርኩማው፣ መካከል የምትገባ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለች። በገና ያንን የሚነዝር ድምፁን የሚያገኘው ከእሷ ነው። ትንሽ ወደፊት ስትገፏት አውታሩ ዝም ይላል፣ ትንሽ ወደኋላ ስትስቧት ይንጫጫል። ልክ የሆነችው ቦታ በጣም ጠባብ ናት፤ በዓይን አትታይም፣ በጆሮ ነው የምትገኘው። እኔ አስሩን ለማስተካከል ሙሉ ቀን የፈጀሁበት ጊዜ አለ። ደንበኛ ይህን ድካም አያየውም። በሌሊት ለብቻው ተቀምጦ ሲደረድር ግን ይሰማዋል።

ከልጁ ጋር የተቀባውን ቆዳ አወለቅነው። የገበቴውንም ቫርኒሽ ፋቅነው። አዲሱ ቆዳ ተወጥሮ ጓሮ ጥላ ውስጥ ነው። ልጁ በየቀኑ እየመጣ በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል። ገና ነው። እንዚራዎቹንም አልጀመርናቸውም።