የሀገር ኮድ ቀይረህ 5 ጊጋኸርዝ ሆትስፖት እንቢ ላለህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደተረዳሁት እንዲህ ነው። ሊኑክስ የጫንክበት ላፕቶፕ በ5 ጊጋኸርዝ ሆትስፖት ክፈት ስትለው «ቻናሉ አይፈቀድም» ይላል። «አይደብልዩ ሬግ ሴት» (iw reg set) በሚለው ትእዛዝ የሀገርህን ኮድ ብታስገባም ለውጥ የለም። ድራይቨሩ (የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ተበላሽቶ ይሆን ወይ ነው ያልከው።

አልተበላሸም። ለሰዎች ኔትወርክ ስዘረጋ ይህ ነገር በተደጋጋሚ ይገጥመኛል። ያስገባኸው ኮድ ለሲስተሙ ጥቆማ ነው፤ ፈቃድ አይደለም።

ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ሶፍትዌር) ውስጥ ዋይፋይን የሚቆጣጠር ሲኤፍጂ80211 የሚባል ክፍል አለ። የት ሀገር እንዳለህ ከብዙ ወገን ይሰማል። ካርዱ ላይ ፋብሪካ የጻፈው ኮድ አለ። የተገናኘኸው ራውተር ከስሙ ጋር የሚያሰራጨው የሀገር ኮድ አለ። ያንተም ትእዛዝ አለ። እነዚህ ካልተስማሙ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሁሉም የፈቀዱትን ብቻ ነው። ስለዚህ ካርዱ የከለከለውን ቻናል አንተ ኮድ በመቀየር አታስከፍተውም።

መጀመሪያ «አይደብልዩ ሬግ ጌት» (iw reg get) በል፤ አሁን የሚሠራውን ሕግ ያሳይሃል። ሀገሩ 00 ከሆነ፣ ሲስተሙ የት እንዳለ አላወቀም ማለት ነው። ያኔ የትም ቦታ ችግር የማይፈጥረውን ሕግ ይይዛል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻናል 1 እስከ 11 ይሠራል። 5 ጊጋኸርዝ ላይ ግን «ኖ-አይአር» የሚል ምልክት ታያለህ። ካርዱ መስማት ይችላል፣ ሌላ ራውተር ከቀደመው ይገናኛል፤ ቀድሞ ማሰራጨት ግን አይፈቀድለትም። ሆትስፖት ደግሞ ቀድሞ ማሰራጨት ነው። ኢንተርኔትህ በ5 ጊጋኸርዝ በደንብ እየሠራ ሆትስፖቱ ብቻ እንቢ ያለው ለዚህ ነው።

ኮድ አስገብተህም 00 ላይ ከቀረ፣ የሀገሮችን ሕግ የያዘው ሬጉላቶሪ ዲቢ የሚባለው ፋይል መኖሩን እይ። ከከርነል 4.15 ጀምሮ ከርነሉ ራሱ ያነበዋል፣ በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ መሆኑንም ያጣራል። ቀለል ተደርገው የተሠሩ ዲስትሪቢውሽኖች (የሊኑክስ ዓይነቶች) ላይ ፋይሉ ላይኖር ይችላል። የከርነሉ ሎግ ላይ ፋይሉን መጫን አልቻልኩም የሚል መልእክት ካየህ፣ ዋየርለስ-ሬግዲቢ የሚባለውን ፓኬጅ ጫን።

በ«ሬግ ጌት» ውጤት ላይ ከካርድህ ስም ጎን «ሰልፍ-ማኔጅድ» የሚል ካለ ነገሩ ሌላ ነው። የኢንቴል ካርዶች ባብዛኛው እንዲህ ናቸው። ሕጉን የሚወስነው ፈርምዌሩ፣ ማለትም ካርዱ ላይ የሚሠራው ሶፍትዌር ነው። በዙሪያው ከሚሰማቸው ራውተሮች ሀገሩን ይገምታል፣ ያንተን ትእዛዝ አይቀበልም። ይህን የሚያጠፋ «ላር ዲሴብል» የሚል አማራጭ ድሮ ነበር፤ አዳዲስ ከርነሎች ላይ ተነሥቷል። በድሮ መመሪያ ጊዜህን አታባክን።

አንዳንዶች የሌላ ሀገር ኮድ አስገባ ብለው እንደሚመክሩህ አውቃለሁ። እባክህ አታድርገው። ከ5250 እስከ 5350 እና ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ዋይፋይ ከራዳር ጋር ነው የሚጋራው። እዚያ ቻናል ላይ ሆትስፖት የሚከፍት መሣሪያ ራዳር አለመኖሩን ለ60 ሰከንድ አዳምጦ ማረጋገጥ አለበት። በአውሮፓ ሕግ የአየር ጠባይ ራዳር ባለበት ከ5600 እስከ 5650 ባለው ክልል ይህ ወደ 10 ደቂቃ ይረዝማል። በኋላም ራዳር ከሰማ ቻናሉን ለቆ ለ30 ደቂቃ አይመለስበትም። ይህ እንዲሁ የወጣ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ አደገኛ ንፋስ የሚከታተል ራዳር በ5 ጊጋኸርዝ መሣሪያዎች ሲረበሽ ተገኝቷል። ራዳሩ ማየት ያለበትን ካላየ የሚጎዳው የሚያርፈው አውሮፕላን ነው። የውሸት ኮድ ስታስገባ የቦታው ጥንቃቄ ይቀራል፣ ወይም የማይመለከትህ ሕግ ይጫንብሃል።

ስለዚህ ያለህበትን ትክክለኛ ኮድ አስገባ። ሆስትኤፒዲ የሚባለውን ሆትስፖት የሚከፍት ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ እሱም ላይ ያንኑ ኮድ ጻፍ። ከዚያ በብዙ ሀገሮች ራዳር መጠበቅ የማይጠይቁትን ከ36 እስከ 48 ያሉ ቻናሎች ሞክር። የላፕቶፕ ካርዶች ራዳር መለየት ብዙም ስለማይችሉ ከ52 እስከ 144 ባሉት አትድከም። ካርድህ ሰልፍ-ማኔጅድ ሆኖ እንቢ ካለ ሁለት አማራጭ አለህ፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ መክፈት፣ ወይም ኤምቲ76 በሚባለው ድራይቨር የሚሠራ የዩኤስቢ ዋይፋይ መጠቀም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሕጉን ከከርነሉ ስለሚወስድ ትክክለኛ ኮድህን ይሰማሃል።

የ«ሬግ ጌት»ን ውጤት እዚህ ለጥፍልን፣ የትኛው ቻናል እንደሚሆንህ እናየዋለን።