ይንጠባጠባል ማለት ይሸናል ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ውሻህን ባጃጅ ገጭቶብህ የኋላ እግሮቹ አልንቀሳቀስ ብለዋል። «ሽንቱ ግን ስለሚንጠባጠብ በዚያ በኩል አልሰጋም አይደል?» ብለሃል። ስጋ እንጂ! ከእግሩም በፊት ይሄን አስብ። የኛ ውሻ አንበሴም ዓባይ ማዶ በራችን ላይ ተገጭቶ ልክ እንዲሁ ነበር የሆነው።

አንደኛ፣ የሚንጠባጠበው ፊኛው ከልክ በላይ ሞልቶ የሚተርፈው ነው። ጤነኛ ውሻ በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ሽንት ያመነጫል። 20 ኪሎ ከሆነ በ8 ሰዓት ከ160 እስከ 320 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መሬት ላይ የምታየው ጠብታ ይሄን ያህላል? መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ ያለው ባለሙያ ይሄን ሊያስብ አልፈለገም። ሆዱን እንኳን ሳይዳስስ «ይንጠባጠብ የለ እንዴ! ለውሻ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጭንቀት?» ብሎ፣ የሕመም ማስታገሻ ወግቶ፣ ብሩን ተቀብሎ ሸኘን። በማግስቱ የአንበሴ ሆድ ተወጥሮ ሽንቱ ደም ቀላቅሎ አደረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፊኛ ሲለጠጥ ዝም ከተባለ የጡንቻው ሴሎች የተያያዙበት ይላቀቃል። ከዚያ ነርቩ ቢድን እንኳ ጡንቻው የመጨመቅ አቅም ያጣል። ያ ሰውዬ እጁን ሆዱ ላይ ቢያሳርፍ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሁለተኛ፣ በጉልበት እንዳትጫነው። ምክንያቱን ያስረዳችኝ የእንስሳት ሕክምና የምትማር የአክስቴ ልጅ ናት። እንስሳ ሲሸና ፊኛው ይኮማተራል፣ መዝጊያው ጡንቻ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ይላላል። ሁለቱን የሚያስማማው ትእዛዝ ከአንጎል ግንድ ይመጣል። ባሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1925 በድመቶች ላይ ያሳየው።

እኔን የገረመኝ የስሜት ነርቮቹ ነገር ነው። ከጭራው ሥርና ከብልቱ አካባቢ የሚመጡት ነርቮች በሌላ ጊዜ ሲነኩ መዝጊያው ጥብቅ እንዲል ያደርጋሉ። ሽንት በሚወርድበት ሰዓት ግን ይሄ ምላሽ ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የድመቶች ጥናት በዚያ ሰዓት ሕብለ ሰረሰር ውስጥ በነርቮቹ ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ ለውጥ እንዳለ አሳይቷል። መልእክቱ ገና ወደ ቀጣዩ ነርቭ ሳይተላለፍ እዚያው ይቀንሳል ማለት ነው። በሽንት ቧንቧው ውስጥ የሚፈሰው ሽንት የሚቀሰቅሰው ስሜት ደግሞ ፊኛው እስኪጨርስ እንዲገፋ ያግዘዋል። ሕብለ ሰረሰር አንዱን ዝም አሰኝቶ ሌላውን ይሰማል። ወገቡ ላይ የተመታ ውሻ ግን ትእዛዙ ከላይ አይደርሰውም። ፊኛው ይሞላል፣ መዝጊያው አይለቅም። ያኔ በኃይል መጫን አፉ የታሰረ ስልቻ መጭመቅ ነው፤ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል።

እኛ እንዲህ ነበር የምናደርገው። አንበሴን በጎኑ አስተኝተን፣ ሁለቱን መዳፍ ከሆዱ ግራና ቀኝ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳርፈን፣ ፊኛው እጃችን ውስጥ እስኪገባ በቀስታ እንዳስሳለን። ከዚያ ጣት ሳይሆን መዳፍ ነው የሚጫነው፣ ዝግ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። መጀመሪያ ጠብ አይልም። ትጠብቃለህ። ድንገት መዝጊያው ይለቅና ሽንቱ ይወርዳል። በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ፣ ሌሊትም ቢሆን። መጀመሪያ ግን ሐኪም ፊትህ ቆሞ ያሳይህ። አንዳንዱ ጉዳት መዝጊያውንም አላልቶት ሽንቱ በትንሹ ሲነካ የሚወርድ አለና እሱ ይለይልህ።

የድመት ግልገል አይተህ ከሆነ፣ እናቷ ከጭራዋ ሥር ካልላሰቻት አትሸናም። ይሄ ነገር ከ7 እስከ 8 ሳምንት ሲሆናት ይጠፋል። ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ትልልቅ ድመቶች ላይ ግን ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ይሄን ስሰማ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ከአንበሴ ጭራ ሥር ማሸት ጀመርኩ። ውሻ ሁሉ ላይ አይሠራም ብለውኝ ነበር። እሱ ላይ ሠራ! እግሩ እንደ ድሮው ባይሆንም ሽንቱን ዛሬ ራሱ ይጨርሳል። ሰፈራችን ውስጥ ውሻ ሲገጭ አሁን እኔን ነው የሚጠሩት።

መድኃኒትን በተመለከተ ሁለተኛው ሐኪማችን መዝጊያውን የሚያላላ ፕራዞሲን አዞልን ነበር። ፋርማሲው ላይ «ለውሻ ነው?» ብለው ሳቁብኝ፤ አንተ ላይም ቢስቁ ማዘዣህን አሳይተህ ውሰድ። ፊኛ የሚያኮማትር መድኃኒት ግን መዝጊያው ሳይላላ እንዳይሰጡት። ከሥሩ ቶሎ ቶሎ እጠበው፤ በባሕር ዳር ሙቀት ሽንት የነካው ቆዳ ቶሎ ይላጣል፣ ዝንቡም አይምርም። የእብድ ውሻ ክትባት ካልወሰደ ደግሞ አፉን ሳታስር እንዳትነካው፤ ሕመም ላይ ያለ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። ከነከሰህ ቁስሉን በውኃና በሳሙና በደንብ ታጥበህ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂድ።

አሁኑኑ ሆዱን ዳስሰው። ጠጥሮ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ባጃጅ ተኮናትረህም ቢሆን ሐኪም ጋ ውሰደው። መጨረሻ በደንብ የሸናው መቼ እንደሆነም እዚሁ ጻፍልኝ፣ ስልኬን አልዘጋም።