አውቄ ተሸነፍኩለት፣ እሱ ግን አኮረፈኝ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ21 ዓመት ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ልጅ ነበር። እኔ አንደኛ ስወጣ እሱ ሁለተኛ፣ እሱ አንደኛ ሲወጣ እኔ ሁለተኛ። ዓይንህን ላፈር ተባብለን ነበር። እሱ ክፍል ውስጥ «ሸምዳጅ» እያለ ያስቅብኛል። እኔ ደግሞ «የሒሳብ አስተማሪው ዘመዱ ስለሆነ ነው» ብዬ አስወርቼበታለሁ። ዘመዱ አልነበረም።

የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ሄደን ተፈትነን ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ሒሳብ ላይ የመጨረሻዋን ምን አልሽ?» አለኝ። አገራችን እስክንገባ ወሬያችን አልተቋረጠም። ሁለታችንም አለፍን፤ አንድ ቦታ ተመደብን። ሁለተኛ ዓመት ላይ ፍቅረኛሞች ሆንን። ስበልጠው ቡና ይጋብዘኝና «በሚቀጥለው እንገናኝ» ብሎ ይቀልዳል።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ሴሚስተር ነው። እናቴ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ፤ ወንድን አትብለጪው፣ ይሸሽሻል» ትለኛለች። እሷም ድሮ ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ ከ8ኛ ነው ያቋረጠችው። እኔም አስቤበት አንድ ፋይናል ላይ ሁለት ወርክ አውት አውቄ ባዶ ተውኩ። እሱ ከዲፓርትመንቱ አንደኛ ሆነ። አባቱ ቅቤና ድፎ ዳቦ ይዘው ከመንዝ መጡ። ካፌ ውስጥ ከመቀመጫቸው ተነስተው መረቁት። እኔም ነበርኩ። በማግስቱ ያደረግኩትን ነገርኩት። ምንም ሳይናገር ተነስቶ ሄደ። ይኸው ሦስት ሳምንት ስልክ አያነሳም። ቴሌግራም ላይ ረጅም ረጅም እጽፍለታለሁ፤ ያየዋል፣ አይመልስም። ለፍቅር ብዬ የከፈልኩት መስዋዕትነት እንዴት ጥፋት ይሆናል? ወንድ ልጅ ሲያደርጉለት አይገባውም ማለት ነው?

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽ እንጂ በዚህ ጉዳይ ወደ ልጁ አደላለሁ። በክፋት ያደረግሽው እንዳልሆነ ገብቶኛል። ግን የተቀየመበት ምክንያት ያለው ይመስለኛል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጁ በመበለጡ የከፋው፣ ያኮረፈ፣ ክፉ የተናገረ አንድ ቀን ፈለግኩ። አጣሁ። 9ኛ ክፍል «ሸምዳጅ» ብሎሻል፤ እሱ የልጅ ነገር ነው፣ አንቺም የባሰ ብለሽዋል። ፍቅረኛሞች ከሆናችሁ በኋላ ግን ስትበልጪው ቡና ይጋብዝሻል። አንቺ ይህን እንደ ቀልድ አልፈሽዋል። እኔ ደብዳቤው ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ይመስለኛል። ሽንፈቱን በቡና አወራርዶ «በሚቀጥለው እንገናኝ» የሚል ወንድ በየመንገዱ አይገኝም። ታዲያ ሁለቱን ወርክ አውት ባዶ የተውሽው የማንን ፍርሃት ለማብረድ ነው? እሱማ አልፈራም ነበር።

ገበጣ ስንጫወት አውቀን የምንሸነፈው ለማን ነው? ለሕፃን። ደስ እንዲለው ጠጠሩን አዛብተን እንጥልለታለን። ከአቻችን ጋር እንዲህ አንጫወትም። ብናደርገውና ቢነቃብን ጨዋታውን ትቶ ይነሳል። ልጁም ተነሳ።

እስቲ ከሱ ወገን ሆነሽ እዪው። አንድ ጎበዝ ተማሪ በዙሪያው ብዙ ሰው አለ። አስተማሪ ያሞግሰዋል። ወላጅ ይመርቀዋል። ጓደኛ አሳይመንት ይቀዳበታል። ቁም ነገር ብሎ የሚገጥመው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ፣ በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጋቢ ደርቦ ሲያጠና እንቅልፉ ሲመጣ በሐሳቡ የምትመጪው አንቺ ነሽ። «እሷ ይሄን ምዕራፍ ጨርሳዋለች» ብሎ ዓይኑን ያሻል። አንቺም እንደዚያው ስታደርጊ ኖረሻል። ሰው ይህን ሲያይ ጠላትነት ወደ ፍቅር ተቀየረ ይላል። እኔ በናንተ ነገር ብዙ የተቀየረ አይታየኝም። ከምር የምንጠላውን ሰው ውጤት በየሴሚስተሩ ማን ይከታተላል? ያቺ የዘመድ ወሬ እንኳ (ፈገግ አሰኝታኛለች) ዓይንሽ ከሱ ላይ ተነስቶ እንደማያውቅ ነው የምታሳየው። የአውቶብሱንም ነገር አስታውሺ። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ተማሪዎች የፈተናውን ነጥብ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጁ ከእንዲህ ያለ ፈተና ወጥቶ፣ አውቶብስ ሙሉ ልጅ እያለ፣ መልሱን ማመሳከር የፈለገው ካንቺ ጋር ነው። ከዚህ በላይ ምን እንዲልሽ ነበር?

ይህ ሰው ነው እንግዲህ «አንተ በራስህ አትደርስም፣ ልልቀቅልህ» የተባለው። አንቺ እንደዚያ አላልሽም። እሱ ጋር የደረሰው ግን እንደዚያ ሆኖ ነው። ከዚህ በኋላ ያለፉትንም ማስላት ይጀምራል። የባለፈው ዓመቱስ? የ10ኛ ክፍሉስ? የትኛው የኔ ነው፣ የትኛውስ የሷ ምጽዋት? አንድ ፋይናል ላይ ያደረግሽው ነገር የስድስት ሰባት ዓመት ልፋቱን ሁሉ ጥርጣሬ ውስጥ ከተተበት።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ለምን ነገርሽው?

ስጦታ ከሆነ ዝም ይባል ነበር። አባትየው ቅቤና ዳቦ ተሸክመው መጡ፤ ሰው በተሰበሰበበት ካፌ ቆመው መረቁ። አንቺም እዚያው ተቀምጠሽ «አሜን» ብለሻል። በማግስቱ ነገርሽው። ቀኑ እንዲሁ የተገጣጠመ አይመስለኝም። ምርቃቱ ሳይቆነጥጥሽ አልቀረም። «ይሄ እኮ የኔ ነበር» ብለሽ ይሆናል። ብትዪም አልፈርድብሽም፤ እውነትም ያንቺ ሊሆን ይችል ነበር። ግን የሆነውን ልብ በዪ። አንደኝነቱን ሰጠሽው። አባቱ ከመረቁለት በኋላ መልሰሽ ወሰድሽበት። አሁን በወረቀት የሱ ነው፣ በእውነት ያንቺ ነው፤ ማን አንደኛ እንደሚወጣ የወሰንሽውም አንቺ ነሽ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ አድርገሽ በልጠሽው አታውቂም። «መስዋዕትነት» የሚለውን ከመድገምሽ በፊት ይህን አንድ ጊዜ አስቢበት። እሱ አስቦበታል ብዬ እገምታለሁ፤ ሰቃይ ተማሪ ነው፣ ይህን ሒሳብ ለመሥራት ሦስት ሳምንት አይፈጅበትም።

ይህን ስል ፍርሃትሽን ከራስሽ ያመጣሽው አድርጌ አይደለም። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ማቲና ሆርነር የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለሴት ተማሪዎች አንድ የታሪክ መነሻ ሰጠቻቸው። አን የምትባል ልጅ ከመጀመሪያው ፋይናል በኋላ ከሕክምና ክፍሏ አንደኛ ሆና ተገኘች፤ ጨርሱት አለቻቸው። ብዙዎቹ አንን ወዳጅ ያጣች፣ ብቸኛ፣ ደስታ የራቃት አድርገው ጨረሱት። ወንድ ተማሪዎች ጆን ስለሚባል፣ እንደ አን አንደኛ ስለሆነ ልጅ ሲጽፉ ግን እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም አልታየም። ሆርነር ይህ ሴቶቹ ውስጥ ያለ ስኬትን የመፍራት ነገር ነው አለች። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የአንን ታሪክ ለወንዶችም ሰጡ። ወንዶቹም አጨራረሱን አከፉባት። እንግዲህ ነገሩ የሴት ልብ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሴቱም ወንዱም የሰማው አንድ ወሬ ነው። መንዝ ላይ ሲደርስ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባላል።

እውነቱን ለመናገር ሲበለጥ የሚሸሽ ወንድ አለ። አብርሃም ቴሰር የተባለ ሌላ ተመራማሪ እንደሚለው፣ በምንኮራበት ነገር የሩቅ ሰው ሲበልጠን ይቻላል፤ የቅርብ ሰው ሲበልጠን ነው የሚያመን። ስለዚህ ልጁ ቡናውን ሲጋብዝሽ ምንም አልተሰማውም አልልሽም። ሳይቆጠቁጠው አይቀርም። ግን እየተቆጠቆጠም ይስቅ ነበር፣ አጠገብሽም ነበር። ያ ችሎታው ነው ያልታመነው። እናትሽ የምታውቀው ሌላ ወንድ፣ ሌላ ዘመን ይሆናል። አንቺ ግን ይሄኛውን በዓይንሽ አይተሽው ነበር።

ምን ላድርግ ለሚለው ብዙ የምለው የለኝም። ረጃጅሙን መልእክት አቁሚ። አንድ አጭር ነገር ጻፊለት። አባቱ በመረቁት ማግስት ያንን መናገርሽ ጥፋት እንደነበረ፣ ሳይጠይቅሽ ልቀንስልህ ማለትሽም ጥፋት እንደነበረ። «ለፍቅር ብዬ» የምትለዋን እንዳታስገቢ። እሷ ከገባች ይቅርታው ክርክር ይሆናል። ከዚያ ተዪው። ጓደኞቹን አማላጅ አድርገሽ አትላኪ። ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ቢመለስም ቶሎ ላይሆን ይችላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚቀጥለውን ፈተና ግን እስከ መጨረሻዋ ጥያቄ ሥሪው። ለሱ መልእክት ለማስተላለፍ ብለሽ አይደለም፤ ነጥቡ ያንቺ ነው፣ ከምረቃ በኋላም ሥራ የምትፈልጊው ይህንኑ ነጥብ ይዘሽ ነው።

ብትችዪ ደግሞ በአካል ከአማካሪ ጋር ተቀመጪ። በዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች የምክር አገልግሎት አለ፤ ክፍያም አይጠየቅበትም። «ምን ሆንሽ፣ አመመሽ እንዴ?» የሚል ዶርም ውስጥ አይጠፋም፤ እሱን ስሚና እለፊው። ስትገቢ በልጁ ጉዳይ ባትጀምሪ ደስ ይለኛል። ፈተና ወረቀት ላይ የምታውቂውን መልስ እያየሽ እጅሽን የያዘው ምን እንደሆነ ተናገሪ። ይህ በአንድ ደብዳቤና በአንድ መልስ አያልቅም።

ስለ እናትሽ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው፤ ጎበዝ ነበረች፣ ከ8ኛ አቋረጠች። ለምን እንዳቋረጠች አልነገርሽኝም። ታውቂዋለሽ ወይስ ጠይቀሻት አታውቂም? ለእረፍት መንዝ ስትወጪ ምርመራ ሳታስመስዪ፣ ሥራ ይዛችሁ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ጠይቂያት። ስንተኛ ትወጣ እንደነበርም ጠይቂያት።