ሆይ አን፦ በጀልባው ፎቶ ሳይሆን በወጥ ቤቱ ምረጡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ በመጋቢት ከባለቤትሽ፣ ከሁለት ልጆቻችሁና ከአማትሽ ጋር ቬትናም ልትሄዱ ነው። ሆይ አን በምትባለው የመካከለኛው ቬትናም ከተማ ገበያ፣ የወንዝ ጀልባና የምግብ ማብሰል ትምህርት በአንድ የያዘውን የግማሽ ቀን ጉዞ ማስያዝ ፈልገሻል። አማትሽ ጾመኛ ናቸው፣ ዓሣም አይነኩም፤ እናንተም አሳማና ሽሪምፕ አትበሉም። ገንዘቡ ያዋጣል ወይ፣ ከዚያ ሁሉ አዘጋጅስ የትኛውን እንምረጥ ነው ያልሽው።

ያዋጣል። ችግሩ፣ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው የጀልባውን ፎቶ አይቶ ነው፤ ጀልባው ደግሞ ለማንም ብትከፍሉ አይለወጥም። ያው የቱ ቦን ወንዝ፣ ያው የካም ታን የውኃ ዘንባባ ጫካ፣ ያቺው ክብ የቀርከሃ ጀልባ ነች። ዋጋው ብዙውን ጊዜ በሰው ከ25 እስከ 40 ዶላር ነው፤ በርካሹና በውዱ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው ምድጃው ጋ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ምድጃና መጥበሻ አለው ወይስ አስተማሪው ሲሠራ ቆሞ ማየት ነው? ለአንድ አስተማሪ ስንት ሰው ይመደባል? እስከ 10 ድረስ ደህና ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሊጣችሁ ለምን እንደተጣበቀ የሚነግራችሁ አታገኙም። ስንት ዓይነት ምግብ ነው የሚሠራው? በግማሽ ቀን አራት ይበቃል። ሰባት ስምንት የሚደረድር ካያችሁ፣ ሁሉም ተከትፎና ተለክቶ ይጠብቃችኋል፤ የእናንተ ድርሻ ሳህን ላይ መደርደር ብቻ ይሆናል።

ዝርዝሩ ውስጥ ፎ የሚባለው የኑድል ሾርባ ካለ በተለይ ልብ በሉ። የፎ መረቅ አጥንቱ ለብዙ ሰዓት በዝግታ መንተክተክ አለበት፤ በሁለት ሰዓት ትምህርት አይደርስም። የሚቀርብላችሁ ቀድሞ የተሠራ መረቅ ነው፣ እናንተ ኑድሉ ላይ ታፈሱበታላችሁ። ፎ ደግሞ የሰሜኑ የሃኖይ አካባቢ ምግብ ነው። ሆይ አን ድረስ ሄዶ የመካከለኛውን ቬትናም ሙያ አለመማር ያስቆጫል፦ ባን ሴዎ የሚባለው ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ የሩዝ ቂጣ፣ ትኩስ የሩዝ ወረቀት፣ በእርድ ቢጫ የሆነው ሚ ኳንግ ኑድል (በዶሮ አሠሩት)፣ በሸክላ ድስት የሚበስል ደበርጃን። የከተማዋ ዝነኛ ኑድል ካዎ ላው ግን በአሳማ ሥጋ ነው የሚሠራው፤ ነጭ ጽጌረዳ የሚሉትም ውስጡ ሽሪምፕ ነው። ሁለቱን ዝለሏቸው።

የጠዋቱን ዙር ያዙ። የከሰዓቱ ዙር ሲጀመር ገበያው ላይ ዓሣውም ቅጠሉም አልቆ፣ ነጋዴዎቹ እያሸለቡ ነው። ማረጋገጫው ላይ 8፡00 ብሎ ቢመጣ የእኛ 2 ሰዓት መሆኑን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ፤ በዚህ ምክንያት መኪና የሚያመልጠው ሐበሻ አለ። ከሆቴል መነሣት፣ ገበያ 45 ደቂቃ፣ ወንዝ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ክቧ ጀልባ ግማሽ ሰዓት፣ ማብሰልና መብላት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ በመኪና መመለስ። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ግድም ሆቴላችሁ ናችሁ። ለልጆቹ ብስኩት ያዙ፤ ምሳው ሲደርስ ረኀቡ ከፍቶባቸው ይሆናል።

ገበያው ወንዙ ዳር ነው። ዓሣ የሚሸጥበት በኩል ወለሉ እርጥብ ስለሆነ የማያንሸራትት የተሸፈነ ጫማ አድርጉ። እዚያ ብዙ ጊዜ የምትቆሙት ቅጠሉ ጋ ይሁን፦ ጠጅ ሳር፣ ናና፣ የድንብላል ቅጠል፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነው ጣፋጭ ባዚል፣ ከበታቹ ሐምራዊ የሆነው ፔሪላ፣ ምላስ የሚያቃጥለው ራው ራም። አስጎብኚው ሲሰጣችሁ እያንዳንዱን ጨፍልቃችሁ አሽትቱ፤ በኋላ ሳህን ላይ ተደባልቆ ሲቀርብ የትኛው ምን እንደሚያደርግ የምታውቁት ያኔ ነው።

ከገበያው ጎን በሞተር ጀልባ ተሳፍራችሁ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ትወርዳላችሁ። እዚህ ብዙ የሚባል የለም፤ ጥላ አለው፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ነፋሱ ደስ ይላል። ካም ታን ወንዙ ባሕር የሚቀላቀልበት አጠገብ ስለሆነ ውኃው ጨው ቀመስ ነው፣ ከባሕሩ ጋርም ይሞላል ይጎድላል። ክቧ ጀልባ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጠልፋ ውኃ እንዳታስገባ በዛፍ ሙጫ የተቀባች ናት፤ በድሮው አሠራር እበትም ይጨመርበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከቀዛፊው ሌላ ሁለት ሰው ትይዛለች። አምስት ስለሆናችሁ ሦስት ጀልባ ያስፈልጋችኋል፤ ልጆቹ አንድ ላይ እንዳይገቡ፣ እያንዳንዱ ከአዋቂ ጋር እንዲሆን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በልጅ ልክ የተሠራ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ስታስይዙ ጠይቁ፤ የአዋቂው ለልጅ ከትከሻው ላይ ይወልቃል።

አገባቡ እንዲህ ነው፦ ቀዛፊው ጠርዙን ይዞ ሳለ እግር መሐል ወለሉ ላይ ያርፋል፣ ወዲያው ቁጭ። ጠርዙን የረገጠ ሰው ጀልባዋን ያዘነብላታል። መቅዘፍ ለሚፈልግ ደግሞ መቅዘፊያው ከጎን አይገባም። ጀልባዋ አፍንጫም ጅራትም ስለሌላት፣ በጎን የቀዘፈ ቦታው ላይ ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። ከፊት ለፊት መቅዘፊያውን አቁሞ ግራና ቀኝ በተኛ ስምንት ቅርጽ ማወዛወዝ ነው፤ ያኔ ውኃውን እየሳበች ወደፊት ትሄዳለች። ልጆች ከአዋቂ ቀድመው ይይዙታል።

መሐል ላይ ድምፅ ማጉያ ከፍተው ጀልባ የሚያሽከረክሩ ወጣቶች አሉ። ለልጆቹ ደስታ ነው፤ አማትሽን ግን እንዳያዞሩባቸው ለቀዛፊያቸው ቀድማችሁ በእጅ ምልክት ንገሩ። ጉልበት የሚያማቸው ከሆነም ይህን ክፍል ትተው በመኪና በቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ መሄድ ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ። ቀዛፊዎቹ ከዘንባባ ቅጠል ቀለበትና ፌንጣ ሠርተው ይሰጣሉ፤ ጉርሻ ይጠበቃል። ለዚህ ዝርዝር ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ለብቻው በአንድ ኪስ ያዙ። የ20,000 እና የ500,000 ዶንግ ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ዜሮዎቹን ሳይቆጥሩ መስጠት ውድ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። "አትክልት ብቻ" ብላችሁ ብታስይዙ ለአማትሽ አይበቃም፤ ሥጋው ቀርቶ የዓሣው ሶስ ይቀራል። ኑክ ማም የሚሉት ይህ ሶስ ከትናንሽ ዓሣና ከጨው ለወራት ተብላልቶ የሚወጣ ነው፤ እኛ ቤት ጨው የሚገባበት ቦታ ሁሉ እዚያ እሱ ይገባል። የምትሉት ቃል "ቻይ" ነው። የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚበሉት ከሥጋና ከዓሣ የጸዳ ምግብ ማለት ነው፤ ብዙ ቬትናማዊ በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ስለሚበላው ወጥ ቤቱ ግር አይለውም። ነገር ግን አንዳንዱ ቻይ እንቁላልና ወተት ይፈቅዳል፤ ጥብቁ ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ይከለክላል። ስለዚህ እንቁላልና ወተት እንደማይበሉ፣ ሽንኩርት ግን እንደሚበሉ ለይታችሁ ተናገሩ። ቡናውም ሲመጣ ባብዛኛው በጣፋጭ የታሸገ ወተት ነው፤ ጥቁር ይዘዙ።

ሰው የማይጠረጥራቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሃት ኔም የሚባለው የማጣፈጫ ዱቄት ነው፤ በየወጥ ቤቱ አለ፣ በብዛት የሚሸጠውም የአሳማ ሥጋና አጥንት ያለበት ነው። የእንጉዳዩን ዓይነት ካላስመጣችሁ፣ ንጹሕ የሚመስለው የአትክልት ጥብስ ውስጥ ይነሰነሳል። ሁለተኛው ኦይስተር ከሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚሠራው የኦይስተር ሶስ ነው፣ ቅጠላ ቅጠል ሲጠበስ ይጨመራል። ሦስተኛው ደግሞ በዚያ አካባቢ ከባን ሴዎ ጋር የሚቀርበው ወፍራም የለውዝ ማጥቀሻ ነው፦ መልኩ ለውዝ ነው፣ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ጉበት አለበት። እነዚህን በስም ጽፋችሁ ወደ ቬትናምኛ አስተርጉሙና፣ ስታስይዙ ላኩት፤ በዕለቱም ስልኩን ለአስጎብኚው ሳይሆን ለምግብ አብሳዩ አሳዩ። ማጥቀሻው ጠዋት ለሁሉም በአንድ ሳህን ስለሚበጠበጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የተናገረ ሰው ደረቁን ይበላል።

ምድጃው ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚመጣው የሩዝ ወረቀት ነው። የተዘፈዘፈ ሩዝ በድንጋይ ወፍጮ ከነውኃው ይፈጫል፤ ልጆቹ የሚያዞሩት ይህን ነው። ድስት ላይ ጥጥ ጨርቅ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ይታሰራል፣ ከሥሩ ውኃ ይፈላል። ግማሽ ጭልፋ ሊጥ መሐል ላይ አፍስሳችሁ በጭልፋው ጀርባ ወደ ውጭ እያዞራችሁ ታሰፉታላችሁ። እንጀራ የለመደ እጅ እዚህ ይሳሳታል፤ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ሊያዞር ይፈልጋል። ክዳኑ ከ40 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዚያ በቀጭን ቀርከሃ ከሥሩ ገብቶ ማንሣት ነው። መሐሉ ወፍሮ ዳሩ ከሳሳ ጨርቁ ረግቧል፤ አስጠብቁት። ሲነሣ ከተቀደደ ወይ ሊጡ ቀጥኗል፣ ወይ ሳትበጠብጡት ጨልፋችሁታል፤ የሩዝ ዱቄት ቶሎ ይዘቅጣል፣ በየጭልፋው ከታች መማሰል አለበት።

ባን ሴዎ ቤት ተመልሳችሁም የምትሠሩት እሱ ስለሆነ መጠኑን ልስጣችሁ። 200 ግራም ተራ የሩዝ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 450 ሚሊ ሊትር ውኃ። ተበጥብጦ 30 ደቂቃ ይረፍ፤ ከዚያ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል ይግባበት። ከስምንት እስከ አሥር ትንንሽ ይወጣዋል። እንቁላልም ወተትም የለውም፤ ለጾም በተለምዶ የሚገቡበትን ሽሪምፕና አሳማ በእንጉዳይና በቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) መተካት ብቻ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር መጥበሻ በደንብ ይጋል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይግባ፣ እንጉዳዩ ለአፍታ ይጠበስ፣ ሊጡ ተማስሎ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ይፍሰስና መጥበሻው ይዙር። ሲፈስ "ሽሽ" ካላለ አልጋለም፤ እንደዚያ ከሆነ ተጣብቆ ይቀራል። አንድ እፍኝ የማሾ በቆልት ጨምሮ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ይከደን። ከዚያ ክዳኑ ይነሣና ዳሩ ራሱ ከመጥበሻው እስኪላቀቅ ሦስት አራት ደቂቃ ጠብቆ ማጠፍ። ተማሪ ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ክዳኑን ይረሳዋል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ያረጥበዋል። ወይም በቆልቱን ያበዛል፣ እሱም ውኃ ያወጣል። ሳይላቀቅ በማንኪያ የፈለፈለም አለ፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

የሚበላው በቅጠልና በሩዝ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው። ደረቁን ወረቀት ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አስገብታችሁ አውጡት፣ ገና ጠንካራ ሳለ፤ ሰሌዳው ላይ ራሱ ይለሰልሳል። እስኪልም ውኃ ውስጥ የቆየ ሲጠቀለል ይቀደዳል። ማጥቀሻው፣ የዓሣ ሶስ ለሚበሉት፣ አንድ እጅ ሶስ፣ አንድ እጅ ስኳር፣ አንድ እጅ ሎሚ፣ ከአራት እስከ አምስት እጅ ውኃ ነው። ለአማትሽ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 2 ስኳር፣ 2 የሎሚ ጭማቂ፣ 6 ለብ ያለ ውኃ፣ ቁንጥር ጨው። ስኳሩ መጀመሪያ በውኃው ይሟሟ፤ ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው በጣም ደቅቀው መጨረሻ ላይ ሲገቡ ከላይ ይንሳፈፋሉ፣ ቀድመው ከገቡ ከታች ይቀመጣሉ።

መጋቢት ጥሩ ጊዜ ነው፤ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም እንደ ሰኔና ሐምሌ አያቃጥልም። ይህን የሚያነቡ ሌሎች ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር ካሰቡ ግን ወንዙ የሚሞላው ያኔ ነው፤ በ2025 ኦክቶበር መጨረሻ አሮጌው ከተማ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነበር። ጀልባው ከቀረ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ ትምህርቱ ብቻ ይሰጣል የሚለውን በጽሑፍ ያዙ። በቴት፣ ማለትም በጨረቃው አዲስ ዓመት ሰሞን፣ ገበያው ለቀናት ይዘጋል፤ በ2027 ፌብሩዋሪ 6 ላይ ይውላል።

ስትመለሱ ደረቅ የሩዝ ወረቀት ግዙ፤ ቀላል ነው፣ ብዙ ይቆያል፣ እንዳይሰበር ከልብስ መሐል አድርጉት። ቨርጂኒያ አካባቢ ያላችሁ ምንም መሸከም የለባችሁም፣ ፎልስ ቸርች የሚገኘው ኢደን ሴንተር የቬትናም ዕቃ ሁሉ አለው። ዱቄቱን ስትገዙ ብቻ ተጠንቀቁ፦ የታይላንዱ፣ ባለ ሦስት ራስ ዝሆን ምልክት ያለው ከረጢት ላይ ቀይ ጽሑፍ ያለው ተራው የሩዝ ዱቄት ነው፣ አረንጓዴው የሚያጣብቀው ነው። በአረንጓዴው የተጋገረ ባን ሴዎ ማስቲካ ይሆናል።