ወንድሜ መድኃኒቱን ሲጀምር አንገቱ ተጠማዘዘ፤ ከጸበል ጋር አይስማማም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጅማ ነው። ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። «ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰዎች ይከታተሉኛል» ማለት ከጀመረ ቆየ። ሆስፒታል ወሰድነውና ሃሎፔሪዶል የሚባል ኪኒን ታዘዘለት። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ ጎን ተጠማዘዘ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ምላሱም አልታዘዝ አለው። ጸበል ስንወስደው አንድ ሰው «መድኃኒቱ ነው መንፈሱን ያስቆጣው፣ ጣሉት» አለን። ጣልነው። አሁን ሌሊት አይተኛም፣ ከእናታችን ጋርም ይጣላል። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው? በጾምስ እንዴት ይሆናል? ሱስ ያስይዛል የሚሉም አሉ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ወንድምሽን ይማርልሽ። ከአንገቱ ልጀምር፤ ቤቱን ሁሉ ያስደነገጠው እሱ ነውና።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህ ግን የአእምሮ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ይቀንሳሉ። ድምፁንና ጥርጣሬውን የሚያበርዱት በዚህ መንገድ ነው። ይኸው ዶፓሚን ግን የሰውነትን እንቅስቃሴም ያስተካክላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በተጀመረ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ አንገት ሊጠማዘዝ፣ ዓይን ሊሰቀል፣ መንጋጋ ሊቆለፍ ይችላል። በወጣት ወንዶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ያስፈራል፤ ያየ ሰው «ያዘው» ቢል አልፈርድበትም። ሆኖም ጤና ተቋም ደርሶ ለዚሁ የሚሆን መርፌ ሲወጋ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። እንዳይመለስም ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባል ኪኒን ይጨመርለታል፤ ወይም መጠኑ ይቀነሳል፤ ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። በመርፌ የሚለቅ አጋንንት አላውቅም።

«ጣሉት» ያላችሁ ሰው ይህን አላወቀም ይሆናል። ባለማወቅ መናገሩ ግን ከኃላፊነት አያድነውም። መድኃኒት ማዘዝም ማስቆምም የሐኪም ሥራ እንጂ የአጥማቂ አይደለም።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን እስቲ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። የታመመውን መጀመሪያ ጸልይ ይለዋል፤ ቀጥሎ ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው ይለዋል። ሁለቱንም ያዘዘው አንድ ምዕራፍ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሰማው፤ ከዚያ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አስደረገለት። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በግልጽ ተናግረዋል። ወንድምሽ ይጠመቅ፣ ይጸለይለት። አስሮ ወይም ገርፎ ማጥመቅን ግን አትፍቀዱ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲደነግግ ሕመምተኛውን ከግዴታው ለይቶ ያየዋል። ከዚህም ሌላ ነገሩ ከምታስቢው ይቀላል። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ማታ አንድ ጊዜ ሊወሰዱ ይችላሉ። ሐኪሙን «ልጁ ጿሚ ነው፣ ሰዓቱን ያመቻቹልን» በሉት። ሊቆርብ ካሰበም ከንስሓ አባቱና ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር እንጂ በራሱ አይዝለል።

እዚህ ላይ የአንቺ ወንድም ባይወስደውም ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ላክል። ሊቲየም የሚባለውን የስሜት መዋዠቅ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይጠጣ ሲውል፣ ወይም ጸበል በብዛት ጠጥቶ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው፣ ከሰውነቱ ውኃና ጨው ይወጣል። ያኔ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይጠራቀምና ይመርዘዋል። እጅ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ እርምጃ ከተንገዳገደ፣ አእምሮ ከፈዘዘ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው። «ጸበሉ እያጠራው ነው» ብሎ መጠበቅ ነፍስ ያስጠፋል።

ሱስ ላልሽው፣ ሃሎፔሪዶልም ሆነ መሰሎቹ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ሱስ አያስይዙም። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ዲያዜፓም ግን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ያስለምዳል፤ በድንገት ሲቆምም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ወሬው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ ሰው ሁሉንም «የአእምሮ ኪኒን» ብሎ በአንድ ይጠራዋል።

ሌላም ጣጣ አላቸው፤ አልደብቅሽም። ኦላንዛፒን ያወፍራል፣ ስኳርም ሊያመጣ ይችላል። ሃሎፔሪዶል አላስቀምጥ የሚል መቅበጥበጥ ያመጣል፤ ቤተሰብ ሕመሙ የባሰበት ይመስለዋል። ሪስፔሪዶን የሴት የወር አበባን ሊያስቀር ይችላል። የወንድን የሩካቤ ፍላጎት የሚቀንሱም አሉ፤ ወጣቶቹ አፍረው አይናገሩም፣ ዝም ብለው መድኃኒቱን ይተዉታል። ሐኪሙ ከሰማ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይቀይራል፤ ካልነገሩት ከየት ያውቃል? ኃይለኛ ትኩሳት ከሰውነት መገተርና ከመቀባዠር ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

በእኛ ከተማ ደግሞ ጫቱ አለ። ወንድምሽ የሚቅም ከሆነ ንገሩኝ ሳይሆን ለሐኪሙ ንገሩት። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፣ ድምፁንና ጥርጣሬውንም ያባብሳል፤ መድኃኒቱ በአንድ በኩል ያበረደውን እሱ በሌላ በኩል ያነድደዋል።

አሁን የምታደርጉት ይህ ነው። የጣላችሁትን ኪኒን ገዝታችሁ በራሳችሁ አታስጀምሩት። ካርዱን ይዛችሁ በዚሁ ሳምንት ወደታከመበት ተመለሱ፤ ራሱን ወይም ሰው እጎዳለሁ ካለ ዛሬውኑ። አንገቱ እንዴት እንደሆነና በስንተኛው ቀን እንደሆነ በዝርዝር ንገሯቸው። መድኃኒቱን መጣላችሁንም አትደብቁ፤ ቢቆጧችሁም ቻሉት። ንስሓ አባታችሁ ፈቃደኛ ከሆኑ አብረዋችሁ ይሂዱ። እናታችሁ ሐኪሙን ባያምኑ እሳቸውን ያምናሉ።