ክፍተቱን አይታችሁ «ፕላኔት ነው» አትበሉ

ልጆች፣ ሰማይ ማጥናት የምትፈልጉ ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ስለ ቴሌስኮፕ ነው። «ባሕር ዳር ቁጭ ብለን ምን እናያለን?» ትሉኛላችሁ። ይሄ ብዙም አያሳስብም። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች የሚሰበስቡት መረጃ አብዛኛው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትንሽ ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ካላችሁ ሥራ አታጡም። መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያያችሁትንና የገመታችሁትን ትቀላቅላላችሁ።

ባለፈው ጥር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከአንዲት ተማሪ ጋር ጣና ዳር ቆመን ነበር። አባቶቻችን ሠውር የሚሉት የኮከብ ስብስብ አናታችን ላይ ነው። ስልኳን ከፍታ እዚያው ስብስብ ውስጥ ያለውን ኤችኤል ታውሪ የተባለ ኮከብ ምስል አሳየችኝ። ኮከቡን ፕላኔት የሚሠራበት፣ እንደ ሳህን የተዘረጋ የጋዝና የአቧራ ዲስክ ከብቦታል። ጥቁሮቹን ክፍተቶች በጣቷ እየነካች «አንድ ፕላኔት፣ ሁለት፣ ሦስት…» ብላ መቁጠር ጀመረች።

ምስሉ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነ ነው። ያነሳው አልማ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሲሆን፣ ቺሊ ውስጥ በአታካማ በረሃ 5,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ 66 አንቴናዎች ናቸው። ኮከቡ ከእኛ 450 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ዕድሜው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ብዙም አያልፍም፤ ለኮከብ ይሄ ገና አራስነት ነው። ብርቱካናማው ቀለም ለዓይናችን እንዲመች የተቀባ ነው። አንቴናዎቹ የለኩት ከቀዝቃዛ አቧራ የሚወጣ፣ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ሞገድ ነው። እንግዲህ ያየነው እዚህ ጋ ደመቅ፣ እዚያ ጋ ደብዘዝ ማለቱን ነው። አለቀ። ክፍተቱን ፕላኔት ጠርጋው ሊሆን ይችላል። ጋዝ ወደ በረዶነት የሚቀየርበት ቦታም እንዲህ ያለ ቀለበት ሊፈጥር ይችላል።

ነገሩ ደግሞ ከዚህም ይወሳሰባል። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ በጣና ዳር ብስክሌት ስትነዱ ፊታችሁን ነፋስ ይመታችኋል። በዲስኩ ውስጥ ያለ ድንጋይም እንደዚያው ነው። ጋዙን የራሱ ግፊት ከኮከቡ ስበት በተቃራኒ በከፊል ስለሚደግፈው ከድንጋዩ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይዞራል። ድንጋዩ ጋዙን እየገፋ ሲሄድ ፍጥነት ያጣል፣ ቀስ በቀስም ወደ ኮከቡ ይጠጋል። ምድር ካለችበት ርቀት ላይ የአንድ ሜትር ድንጋይ በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ኮከቡ ጋ ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ፕላኔት መቼ ተሠርቶ ያልቃል? አንዱ መልስ ቀለበቱ ራሱ ነው። የጋዙ ግፊት ከፍ ያለበት ቦታ ጠጠሮቹን ይዞ ያስቀራል፤ እነሱም ተሰባስበው በራሳቸው ስበት ሊጨመቁ ይችላሉ። ስለዚህ ቀለበቱን የሠራችው ፕላኔት ናት ወይስ ፕላኔቷ ገና እዚያ ልትሠራ ነው? ከአንድ ፎቶ ብቻ አይታወቅም።

ደብተራችሁን መሃል ለመሃል በማስመሪያ ክፈሉት። በግራ ያያችሁትን፣ በቀኝ የገመታችሁትን ጻፉ። የልጅ ሥራ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን በኅዳር ምሽት በደቡብ በኩል ብቻውን የሚያበራውን ፎማልሃውት የተባለ ኮከብ ተመልከቱ። 25 የብርሃን ዓመት ብቻ ነው የሚርቀን። እ.ኤ.አ. በ2008 በሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ምስል ላይ አጠገቡ አንዲት ነጥብ ታየችና ፕላኔት ተባለች። ነጥቧ ግን ከዓመት ዓመት እየሰፋችና እየደበዘዘች ሄደች። በ2020 የወጣ ጥናት ምናልባት ሁለት ግዙፍ አካላት ተላትመው የበተኑት አቧራ ናት አለ። ነጥቧ በግራ፣ «ፕላኔት» የሚለው በቀኝ ተጽፎ ቢሆን የሚሰረዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

ፒዲኤስ 70 የተባለው ኮከብ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። 370 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ዲስኩ መሃል ላይ ሰፊ ክፍተት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው ክፍተት ውስጥ ፕላኔቷ ራሷ በኢንፍራሬድ (ዓይናችን በማያየው የሙቀት ብርሃን) ስታበራ ታየች። ጋዝ ገና እየወደቀባት መሆኑን የሚያሳይ የሃይድሮጅን ብርሃንም ተለካ። በ2019 እህቷ ተጨመረች። እዚህ ጋ «ፕላኔት» ብላችሁ በግራ በኩል ብትጽፉ አልቆጣም።